ወሰንየለሽ ያልሠራችው ጥፋት

ወሰንየለሽን የማውቃት የቡና ችግኝ ጣቢያው ላይ ነው፤ ከቴፒ ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጫካው ገና ባልተመነጠረበት ቦታ። እኔ ካቦ፣ የሠራተኞች አለቃ ነበርኩ፤ እሷ ውሃ አጠጪ። 1975 ዓ.ም. ነው፤ ሁላችንም ጓድ የነበርንበት ዘመን።

ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ሥራ ቆሞ ስብሰባ እንገባለን። እያንዳንዱ ሰው ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ የራሱን ጥፋት በራሱ አፍ ይናገራል ማለት ነው። እኛ ብልጦቹ ለዕለቱ የምትበቃ ትንሽ ጥፋት አዘጋጅተን ነበር የምንገባው። «ሰኞ አሥር ደቂቃ አርፍጃለሁ፣ ጓዶች» ብለን ቁጭ። ወሰንየለሽ ግን የዋህ ናት፤ እውነተኛ ጥፋቷን ስትናገር ከርማ በሁለት ወር ጨረሰችው። ከዚያ ወዲያ ረቡዕ ሲደርስ «የዛሬውን ምን ልበል?» እያለች ሰው ትጠይቅ ጀመር። ጥፋት የለኝም ማለት በዚያ አዳራሽ ከጥፋት ሁሉ የከፋ ነበር።

የካቲት ላይ ከበላይ አካል እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ለመቀበያው ቅስት ቀርከሃ አነሰን። እኔ ከሦስተኛው የችግኝ መደብ ላይ የቀርከሃው ጥላ ይነሣ ብዬ አዘዝኩ። ወሰንየለሽ ማጠጫዋን ይዛ መጣችና «ጋሼ ከፈለኝ፣ ፀሐይ ይመታቸዋል እኮ» አለችኝ። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አልኳት። በሦስት ቀን ለጋው ችግኝ በሙሉ አረረ። እንግዶቹም አልመጡም። ማንም ሳያይ ጥላውን ራሴ ወደ ቦታው መለስኩት።

በዚያው ረቡዕ ሊቀ መንበሩ፣ ጓድ ዓባይነህ፣ «ችግኙን ማን አደረቀው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሠርኩ፤ ጥላውን ያነሡትም ሠራተኞች እኔን ፈርተው አልተናገሩም። ወሰንየለሽ ተነሣች። የምትናገረው ጥፋት አልነበራትም፤ ተራዋ ደግሞ ደርሷል። «እኔ ነኝ፣ ጓዶች። ውሃ አሳንሼባቸው ነው» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ጉሙ ከጫካው ሳይነሣ፣ «ከሦስተኛው መደብ ማን ነው የሚያወራው?» አለችኝ። ማንም አልነበረም፤ የደረቀው ችግኝ ብቻ። ሳቅኩባት።

ሳምንት ሳይሞላ ግን እኔም ሰማሁት። ፊት ለፊቴ ቆማለች፣ ከንፈሯ ግጥም ብሏል፤ ድምፅዋ ግን ከደረቀው መደብ ይመጣል። «ያደረቅኳቸው እኔ ነኝ። እናቴን ያሳመምኳት እኔ ነኝ። መንገዱን ጎርፍ የበላው በእኔ ነው።» አንድ ወፍ እንኳ አይጮህም ነበር። ጠጉሬ ቆመ። እሷ ግን እያንዳንዱን ቃል አምና ራሷን ትነቀንቃለች።

ከዚያ በኋላ ሰው መሆኗ እየቀረ ሄደ። ምግብ ተወች። ዝናብ ሲጥል እንኳ እየዞረች ይቅርታ ትጠይቀን ጀመር። በዚሁ ከቀጠለች እንደምትሞት ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ ትድን ነበር፤ ፈራሁ፣ አላወጣሁም።

የደረሰችላት እማማ በየነች ናት፤ ዘር የምትለቅም የዚያው የሸኮ ጫካ ልጅ። አማርኛዋ አጭር ነው፣ ነገር አታስረዝምም። «ልጄ፣ ዝም ብለሽ አትስሚው። ጠይቂው። መቼ ነው በይው። ማን አየ በይው። ያደረግሽው ከሆነ፣ አዎ በይ። ያላደረግሽው ከሆነ፣ የእኔ አይደለም በይ።»

ወሰንየለሽ በየቀኑ መደቡ አጠገብ እየቆመች ትመልስለት ጀመር። እኔ ከቅጠል ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። «እናቴን ያሳመምኳት እኔ ነኝ» ይላል ድምፁ። «መቼ?» ትለዋለች። ዝም ይላል። «ለጎረቤቴ ክፉ ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ» ይላል። ትንሽ ታስባለች። «አዎ፣ ተናግሬያለሁ። ዛሬ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ» ትላለች፤ ሄዳም ትጠይቃለች። ያንን ነገር ድምፁ ሁለተኛ አያነሣውም። አንዳንድ ቀን ተሸንፋ ስታለቅስ ታረፍዳለች። በማግስቱ ግን ተመልሳ ትቆማለች። መብላት ጀመረች፤ ጉንጯ ተመለሰ። እውነቱን ልናገርና በዚህ መደሰት ሲገባኝ ፈራሁ።

ግንቦት ውስጥ አንድ ረቡዕ ተራዋ ደረሰ። ማንንም ሳትጠይቅ ተነሥታ ቆመች።

«ጓዶች፣ ዛሬ እውነተኛ ጥፋት አለኝ። ችግኙን አደረቅኩ ያልኩት ውሸት ነው። በራሴ ላይ ዋሽቻለሁ። ጥፋቴ እሱ ነው።»

 እዚያ አዳራሽ የተናገረውን ጥፋት መልሶ የሻረ ሰው አይተን አናውቅም። ጓድ ዓባይነህ ጠረጴዛውን መታ። «ታዲያ ማን ነው ያደረቀው?»

«የእኔ አለመሆኑን ነው የማውቀው። የሌላውን ባለቤቱ ይናገር» አለች። ወደ እኔ ቀና አላለችም። ቀና ብትል ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ከሥራ አባረሯት። ዕቃዋን በአንድ ከረጢት አድርጋ፣ ከእማማ በየነች ጋር ተሳስማ፣ መኪና ልትጠብቅ ወጣች። ልትሰናበተኝ ስትመጣ ፊቷ ላይ ቂም ፈልጌ አጣሁ። «ጋሼ፣ ራስዎን ይጠብቁ» አለችኝና ሄደች።

በማግስቱ ረፋድ ብቻዬን ልዞር ወጣሁ። ሦስተኛው መደብ አጠገብ ስደርስ ወፎቹ ዝም አሉ። ድምፁ ተናገረ። የእሷ ድምፅ አይደለም፤ የእኔ ነው። «ጥላውን ያስነሣሁት እኔ ነኝ።»

መቼ ብዬ ልጠይቀው አልችልም፤ ቀኑን ከነሰዓቱ አውቀዋለሁ። ማን አየ ልለውም አልችልም፤ ወሰንየለሽ አይታለች። የቀረኝ አዎ ማለት ብቻ ነበር። አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ አማን ከተማ የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ጓሮዬ ውስጥ አንድም የቡና ተክል የለም። ድምፁ ግን ዘወትር ረፋድ ላይ ይመጣል፤ እኔም አፌን ይዤ እሰማዋለሁ።