በገና ጾም የዶሮ በርገር

የተመረቅኩ ዓመት ወደ ደባርቅ ስመለስ እናቴን አልጋ ላይ አገኘኋት። ሆዷን ነው። ጎንደር ወስደን አሳየናት። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፣ ግን ደሟ በጣም አንሷል፣ ሰውነቷም አልቋል፣ በዚህ አቅሟ አልነካትም አለ። ቀጠሮውን ከገና በኋላ አደረገው። «እስከዚያ ትብላ። እንቁላል፣ ወተት፣ ዶሮ። ደሟ ከሞላ እንሠራላታለን፤ ካልሞላ ይዛችኋት ትመለሳላችሁ» ብሎ ካርዷን ሰጠን። ሲያወሩት ቀላል ነው። የገና ጾም ከገባ ሰንብቶ ነበር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው ጾም የተውኩት። ደብቄውም አላውቅ፤ ስጠየቅ እናገራለሁ። ቤት ስመጣ ግን የሚሠራው ሽሮና ምስር ስለሆነ ሽሮና ምስር እበላለሁ፤ ክርክር ይሰለቸኛል። አባቴ የወረዳ ቢሮ ሠራተኛ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ ነው። ማኅበሩን የሚመራው፣ የተጣላ የሚያስታርቀው፣ ጾም ገደፈ የተባለውን ጠርቶ የሚመክረው እሱ ነው። እኔን መምከር ግን ትቶ ነበር። ገበታ ስንቀርብ ብቻ ጸሎቱን ያስረዝመዋል።

የእናቴ የንስሐ አባት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አዩዋትና፣ «ለታመመ ሰው ምግቡ መድኃኒቱ ነው። ፈቅጄልሻለሁ፣ ብዪ» አሏት።

«እሽ አባ» አለች፣ መስቀሉን ስማ።

ማታ ወጥ ቤት አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰፈሩ ምን ይላል ሲለኝ አመሸ። በማግስቱ እንቁላል ጠብሼ ወሰድኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«አልፈልግም።»

«አባ ፈቅደዋል እኮ እማዬ።»

«አልፈልግም አልኩሽ። ሽሮ የለም?»

በእኛ አገር እሽ ብሎ እምቢ ማለት ያለ ነው። ወተት ወሰድኩላት፤ «ያቅለሸልሸኛል» አለች። ሽሮዋን ሁለት ጉርሻ ትበላና ትተኛለች። ክንዷን ስይዘው አጥንቱ ብቻ ነበር። ቀጠሮው ደግሞ እየቀረበ ነው። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ወጥ ቤት ገብቼ አባቴ ላይ ጮህኩበት።

«ቀስ በይ» አለኝ። «እምቢ ያለችው ሽታውን ፈርታ ነው። በጾም እንቁላል ስትጠብሺ ለመንገዱ ሁሉ ይሸታል። ዶሮ ወጥማ ብትሠሪ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ነው የሚሰማው።»

«አባ ፈቅደዋል ብለን እንናገራለና።»

«በየቤቱ እየዞርሽ ልትናገሪ? አንዱ ይሰማል፣ አንዱ አይሰማም። በሙሴው ቤት በጾም ዶሮ ተሠራ ነው የሚባለው።»

«ይባላ።»

«ለአንቺ ቀላል ነው» አለ። «አንቺ ነገ ሥራ ስታገኚ ትሄጃለሽ።»

ሥራ የሚለውን ሲያነሳ ትቼው እወጣለሁ። ከሐምሌ ጀምሮ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሜ ነበር የከረምኩት። የሰፈሩ ወጣቶች ሳልፍ «ተመራቂዋ፣ ኮብልስቶን ጀመርሽ?» ይሉኝ ነበር።

በርገሩ ያን ቀን ነው የመጣልኝ። ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜና እሁድ አንድ በርገር ቤት አስተናግድ ነበር፤ ሲጨናነቅ ወጥ ቤት ገብቼ እሠራለሁ። የዶሮ በርገር ቅቤ የለውም፣ በርበሬ የለውም፣ ቁሌት የለውም። ደባርቅ ውስጥ ያን ሽታ አውቆ «ይኸ ዶሮ ነው» የሚል ሰው የለም። ለአባቴ ነገርኩት። ብዙ አሰበበት።

«ዳቦ ውስጥ ነው የሚገባው?»

«አዎ።»

«ከውጭ አይታይም?»

«ጠርዙ ትንሽ ይታያል።»

«እሱን ሸፍኚው» አለ። የዚያን ጊዜ ስቄ ነበር።

ገበያ ወረድኩ። በጾም ዶሮ ፈላጊ ስለሌለው ሻጮቹ በብርዱ ጋቢያቸውን ተጠቅልለው ይተክዛሉ። ከበየዳ መንገድ የመጣች አንዲት ሴት እግሯ የታሰረ ቄብ ይዛለች፤ እንቁላል ገና ያልጀመረች፣ ላባዋ የሚያብለጨልጭ።

«ለርቢ ነው አይደል እታለም?» አለችኝ።

«ለርቢ ነው።»

«ጥሩ ታቅፋለች፤ እናቷን አውቃታለሁ። አደራ፣ ድመት እንዳይበላብሽ።»

ቄቧን ከነጠላዬ ስር ከትቼ በባጃጅ ተመለስኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ ያየኝ ነበር፤ እሷም እንደ ሕፃን ዝም ብላ ነበር።

ዶሮ የሚያርደው ወንድ ነው። አባቴ የፋሲካ ዶሮ ሲያርድ ግቢው መሀል፣ ሁሉም እያየው ነው። ያን ቀን ግን ጓሮ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ወሰዳት። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ፤ በስመ አብ ሲል ድምፁ እኔ ዘንድ እንኳ አልደረሰም። ደሙን አፈር አለበሰው። ላባዋን ነጭቼ ስጨርስ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረና ድንጋይ ጫነበት፤ ውሻ እንዳያወጣው። ሰው የገደልን ነበር የሚመስለው።

ዱቄቱን በጠዋት በእርሾ አቡክቼ ነበር። ደባርቅ በታኅሣሥ ሊጥ አይነሳም፤ ብርዱ እርሾውን ይገድለዋል። በጋቢ ጠቅልዬ ከከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት፤ እስኪነሳ ስጠብቅ ልቤ ልትፈነዳ። በኋላ አድበልብዬ ድስት ውስጥ ደረደርኩት፤ ክዳኑ ላይ ፍም አድርጌ ከላይም ከታችም አበሰልኩት። አንዱ ጎን አረረ። ግድ የለም አልኩ፣ የሚበላው ሌላው ጎን ነው።

ቄቧን በሎሚና በጨው አጥቤ፣ ቆዳዋን ገፍፌ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ላይ መላጥ ጀመርኩ። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያያል።

«ብልቷን ሳታወጪ?»

«በርገር ብልት የለውም አባዬ።»

«ፈረሰኛው እንኳ...» አለና ተወው። ፈረሰኛው የደረቷ ብልት ነው፣ የአባወራ ድርሻ። እሱ እንደሆን አይበላ፣ ጾመኛ ነው። ግን ሥጋው ሁሉ አንድ ላይ ተልጦ፣ የማን ምን እንደሆነ ሳይለይ መክተፊያው ላይ ሲከመር ማየቱ ከበደው መሰለኝ። ሄደ።

የሥጋ መፍጫ ስላልነበረን በቢላ ነው የከተፍኩት። ሽታውን ስናስብ ስለ ድምፁ አላሰብንም። ቷ ቷ ቷ ሲል ግቢው ሁሉ ይሰማል። በአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤታችን፣ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ፣ «ምነው ልጄ፣ ምን ትከትፊያለሽ?» አለችኝ።

«ጎመን ነው እትዬ።»

«የምን ጎመን ነው እንዲህ ሲከተፍ የሚዋለው?»

«ሰፈሩን ልቀልብ ነው።»

ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ከሁሉም የሚያናድደኝ ውሸት ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ከገበያዋ ሴት ጀምሮ ለሁሉም ዋሽቻለሁ።

ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እንዲያያዝልኝ እንቁላልና የደረቅ ዳቦ ፍርፋሪ። በእጄ ጠፍጠፍ አድርጌ በዘይት ጠበስኩት። የመጀመሪያው ተበታተነ፤ ሁለተኛው ያዘ። ዳቦውን ለሁለት ከፍዬ፣ ቲማቲምና ሰላጣ አድርጌ፣ የእናቴን ትንሽ ሰሃን አውጥቼ አቀረብኩት። ጠርዙን በሰላጣ ሸፈንኩት።

ይዤ ስገባ አባቴ ቀድሞኝ መስኮቱን ዘግቶ ነበር። ከእኔ ኋላ በሩንም ዘጋው። ቤቱ ጨለመ። እናቴ ትራሱን ተደግፋ ቀና አለች። ሰሃኑን አየች፣ አባቴን አየች፣ በሩን አየች።

«በቀን በሩን ለምን ዘጋችሁት?»

«ብርድ ነው» አለ አባቴ።

«ትናንትም ብርድ ነበር።»

ዳቦውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ሰላጣውን አነሳች። ሥጋውን ስታይ ሳቅ የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ አለፈ፤ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ዶሮ ናት?»

«አዎ» አልኩ።

«የት አረድካት?» አለችው አባቴን።

«ጓሮ።»

«ከሽንት ቤቱ ጀርባ» አልኩ እኔ። አባቴ አፈጠጠብኝ።

እናቴ ሰሃኑን መለሰችልኝ። «አባ ፈቅደውልኝ ነበር» አለች። «በመስቀላቸው ነው የፈቀዱልኝ። ንጹሕ ነገር ነበር። እናንተ የስርቆት አደረጋችሁት። እኔ ተኝቼ የምሞት ሰው በር ዘግቼ ሰርቄ ልብላ?»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ እምቢ ያልሽው?» አልኳት። ደሜ ፈልቶ ነበር። «እንቁላሉን አመጣሁልሽ፣ ወተቱን አመጣሁልሽ።»

«እንቁላሉን ስታመጪ አባትሽ ከኋላሽ መስኮት ሲዘጋ አየሁት። አባ የወጡ ቀን ማታ ወጥ ቤት ስትንሾካሾኩ ሰማሁ። ሰው ምን ይላል፣ ማኅበሩ ምን ይላል። እሱ ከሚያፍር አልበላም አልኩ። የፈራሁት ጾሙን አይደለም፣ ሰፈሩንም አይደለም። እሱን ነው።»

አባቴ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። በር ዘግተን ያሳፈርናት አልጋው ላይ ነበረች፤ ሁለታችን ግን በአጥር ማዶ ያሉትን ስንፈራ ነበር።

«ክፈተው» አለችው።

ተነስቶ መጀመሪያ መስኮቱን፣ ከዚያ በሩን ከፈተው። ነፋሱ ገባ፣ የጥብሱ ሽታ ወጣ።

«እስቲ ጓደኛዬን ጥሪልኝ» አለችኝ።

ጎረቤታችን እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ገባች። ሰሃኑን አየች፤ ቀጥላ እኔን።

«ጎመኑ ይኸ ነው?» አለች።

መሬት ብትከፈት በገባሁ።

«ዶሮ ልበላ ነው» አለቻት እናቴ። «አባ ፈቅደውልኛል። ብቻዬን ግን አይወርድልኝም፤ ተቀመጭልኝ።»

ጎረቤታችን አንድ ነገር እንድትል ጠበቅኩ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ዘንቢላችን የጾም ዳቦ አውጥታ ቆርሳ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። «ብዪ እንጅ፣ ይቀዘቅዝብሻል። እኔም ዳቦ፣ አንቺም ዳቦ፤ የአንቺ ዳቦ ሆዱ ሞልቷል እንጅ ምን ልዩነት አለው» አለቻት። እናቴ ሳል እስኪይዛት ሳቀች። ከዚያ ቆርሳ ጎረሰች። ስታኝክ ጉንጯ ውስጥ ያለው ሁሉ በቆዳዋ ይታይ ነበር።

«ጨው አነሰው» አለች።

ግማሹን በላች። ከታመመች ያን ያህል ስትበላ አላየኋትም። አባቴ በሩ መቃን ላይ ቆሞ ወደ መንገዱ ያይ ነበር፤ የሚያልፈውን ሁሉ ከፍ ባለ ድምፅ ሰላም ይላል፤ በሩ ክፍት መሆኑን ሰው እንዲያይለት ይመስል።

ከዚያ በኋላ በርገር አልተሠራም። ዶሮ ወጥ ነው የተሠራው፣ በቅቤ፣ ሰፈሩን እያወደው። እንቁላል ተቀቀለ፣ ወተት ፈላ። አባቴ ግቢው መሀል አረደ። ማኅበሩ ላይ ነካ ነካ አድርገውት እንደመጣ ከፊቱ አወቅኩ፤ ምን እንዳሉት ግን አልነገረንም። ጎረቤታችን ምሳ ሰዓት ሲደርስ የራሷን ሽሮ በጣሳ ይዛ ትመጣለች። እናቴ እጇ ላይ ትንሽ ሥጋ መለሰች። ተነስታ እስከ ደጅ ድረስ መውጣት ጀመረች።

ገና አልፎ ቀጠሮዋ ሲደርስ በሚኒባስ ወረድን። ዳባት ላይ ሻይ ጠጣች፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ በመስኮት የእህል ነጋዴዎቹን እያየች ስለ ገብስ አወራችን። ሐኪሙ ደሟን አየና «ጎበዝ፣ በልታለች» አለ። ደስ አለኝ። ያበላናት እኛ ነን ብዬ ኩራት ነገር ሁሉ ተሰምቶኝ ነበር። አስገቧት።

ቶሎ ወጣች። በጣም ቶሎ። ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ አቁሞን ተሰራጭቷል አለ። ከፍተው አይተው ነው የዘጉት። የሚቆረጥ ነገር የለውም፤ ዶሮ በልቶ የሚድን በሽታ አልነበረም። ያበላናት ለካ ይኸን ወሬ በደህና አቅም እንድትሰማ ነበር።

አባቴ ክንዴን ያዘኝ። «እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ተሠርቷል፣ ጥሩ ነው እንበላት። እስክታገግም።» ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እሽ አልኩት።

ስትነቃ መጀመሪያ እሱን አየች። «ምን አለ?»

«ጥሩ ነው አለ። ተሳክቷል።»

እጁን ያዘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች በሽተኞች አሉ፤ አስታማሚዎቻቸው ይሰማሉ። ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። ሐኪሙ ያለውን፣ እንዳለው አድርጌ ነገርኳት። አባቴ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

«እሽ» አለች። ይኸኛው እሽ እሽ ነበር። ውሃ ጠየቀችኝ፤ ጠጥታ ስትጨርስ መቼ ወደ ቤቷ እንደምንወስዳት ጠየቀችኝ። እኔም ሐኪሙን ልጠይቅ ወጣሁ።