ሠላሳ ጊዜ «በጣም ጥሩ»

ሐይቅ ከተማ ባለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ መጽሐፍ መጠበቅ ይመስላል እንጂ በየዓመቱ ከሚያዝያ ጀምሮ የመመረቂያ ጽሑፍ ያስጨነቀው ሁሉ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። መጽሐፍ አፈላለግ፣ ምንጭ አጠቃቀስ፣ ከኢንተርኔት የመጀመሪያውን ገጽ እንዳለ አለመገልበጥ፤ ይህን ሳስተምር ድምፄ ከፍ ይላል። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ተማሪዎቹም ለምደውኛል፤ ቁጣዬ እስኪያልፍ ቆመው ይጠብቁና ጥያቄያቸውን ይደግሙልኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአምባሰል ገጠር የመጣች ዝምተኛ ተማሪ ጽሑፏን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ርዕሱ በሐይቃችን የዓሣ ምርት ለምን እንደቀነሰ ነው። ሠላሳ ዓሣ አስጋሪዎችን ጠይቃለች። «የዓሣው ምርት እንዴት ነው?» ለሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ ሠላሳውም «በጣም ጥሩ» ብለዋል። አማካሪዋ፣ በዕድሜ የልጄ እኩያ የሆነ መምህር፣ ከሠንጠረዡ በላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይህ ሻይ ቤት ቁጭ ተብሎ የተሞላ ውሸት ነው። በአንድ ሳምንት ካልተስተካከለ ለከርሞ» ብሎ ጽፎበታል።

«ራስሽ ሞልተሽው ነው?» አልኳት።

«ወላሂ አልሞላሁም ጋሼ። አንድ በአንድ ነው የጠየቅሁ።»

«ታዲያ ሠላሳ ሰው እንዴት አንድ ቃል ይናገራል?»

«እኔንም እሱ ነው የገረመኝ።» ቀዩን ጽሑፍ በጣቷ ነክታ፣ «ለከርሞ መቅረቱን እችለዋለሁ። ዋሾ ተብዬ መቅረቱን ግን አልችለውም» አለች።

እውነቱን ልናገርና፣ አላመንኳትም። ስንቱ ሲምል ሰምቻለሁ። የተሞሉትን መጠይቆች አምጪ አልኳት። ሻይ ቤት የተሞላ ወረቀት ያስታውቃል፤ ንጹሕ ነው፣ እጥፋት እንኳ የለውም። የሷ ግን ግማሹ ውኃ ነክቶት፣ ደርቆ ተጨማዷል። አንዱ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቋል። ሌላውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የሐይቁ ዳር ሸተተኝ። ልጅቷ አልዋሸችም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መጠይቅ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ከመደርደሪያ አንድ የቆየ ጥናት አንሥቼ «በዚህ መልክ አድርጊው» ብያት ነበር፣ ያውም ምሳዬ እንዳይበርድብኝ እየቸኮልኩ። «በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ዝቅተኛ» የሚለው ምርጫ ከዚያ የተቀዳ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ አብረን ወደ ሐይቁ ወረድን። አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን ዳር አስጠግተው መረባቸውን ያራግፋሉ። ልጅቷ ሰላምታዋን አድርሳ ወረቀቷን አወጣች።

«አባቴ፣ የዓሣው ምርት እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። በጣም ጥሩ ነው ልጄ።»

መረቡ ውስጥ የነበሩት መዳፍ የማይሞሉ ሁለት ቆሮሶ ዓሣዎች ናቸው። አጠገባቸው የቆመው፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ጎልማሳ ደግሞ ሳይጠየቅ «ተመስገን፣ ምን ጎድሎብን» አለ። የእሱ መረብ ባዶ ነበር።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ገበሬ ነበር። ውርጭ ማሳውን በበላበት ዓመት እንኳ «አዝመራው እንዴት ነው?» ሲሉት መልሱ «ተመስገን» ነበር። በጠዋት፣ በሰው ፊት፣ የተሰጠንን ሲሳይ ማማረር እኛ ዘንድ ነውር ነው። እኔንስ ደመወዙ እንዴት ነው ብትሉኝ ምን እላችኋለሁ? ልጅቷ ለሠላሳ ሰው ሰላምታ አቅርባ ሠላሳ የሰላምታ መልስ ይዛ ተመልሳለች። ሁለታችንም የዚሁ አገር ሰዎች ሆነን ይህ እንዴት እንደጠፋን አላውቅም። ወረቀት ስንይዝ ያደግንበትን እንረሳለን መሰለኝ።

ሽማግሌውን በሌላ በኩል ሞከርኳቸው።

«ትናንት ስንት አወጡ?»

«አራት።»

«ልጅ ሳሉስ፣ ከአባትዎ ጋር?»

ሳቁ። «ያኔማ ታንኳው በዓሣ ከብዶን፣ አንዳችን ወርደን እየዋኘን ነበር የምንገፋው። አሁን ማዶ ድረስ ቀዝፌ ነው እኒህን የማገኝ። የመረቡ ዓይንም ጠቦ ጠቦ አጎበር ሆኗል። አልሐምዱሊላህ ብቻ።»

ልጅቷ ትጽፋለች፤ እጇ አልደርስላት ብሏል።

በቀሩት ቀናት ሠላሳውንም እንደገና ዞረቻቸው። «እንዴት ነው» ማለት ቀረ፤ ትናንት ስንት፣ መረቡ የት ተጣለ፣ ዱሮስ የት ነበር የሚጣለው፣ እያለች ጠየቀች። የመጀመሪያውን መልስ አትጣዪው አልኳት፤ ሰዎቹ ለምን እንዲያ እንደመለሱ አንድ ገጽ ጻፊበት። ጻፈችው። ከጽሑፉ ሁሉ የወደድኩት ያን ገጽ ነው። ለሷ የነገርኳት ግን ሁለት ቦታ ነጠላ ሰረዝ መዝለሏን ነው።

አማካሪዋንም ሄጄ መጠይቁን ያስተማርኳት እኔ መሆኔን ነገርኩት። «አነበዋለሁ» አለኝ።

መልስ በምትቀበልበት ቀን ሥራ አልሠራሁም። አንዱን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ መደርደሪያ ቀየርኩት። ጥፋቱ የኔ፣ ቅጣቱ የሷ ሊሆን ነው እያልኩ ከራሴ ጋር ስጣላ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ገባች። ፊቷ እንደወትሮው ነው፤ ምንም አይነበብበትም።

«እንዴት ሆነ?»

«አልሐምዱሊላህ ጋሼ።»

ያቺ ቃል ለባዶ መረብም እንደምትባል አሁን አውቃለሁ።

«እሱን ተይውና፣ ፈረመ ወይስ አልፈረመም?»

ሳቀች፤ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ጽሑፉን ገለጠችልኝ። በዚያው ቀይ እስክሪብቶ «ውሸት ነው ማለቴ ስሕተት ነበር» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማ አለ። እፎይ አልኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አንቱስ ጋሼ፣ ደህና ሰነበቱ?» አለችኝ።

«ተመስገን።»

አየት አደረገችኝና፣ «ትናንት ሌሊት ስንት ሰዓት ያህል ተኙ?» አለች።

«ሁለት ሰዓት ብቻ» አልኳት።