እርካብ የፈራው ፈረስ

ቡሽታ በዱካላ ሜዳ ፈረስ ሲያሠለጥን ያረጀ ሰው ነው። አንድ ዓመት በበዓል ግልቢያ ላይ ልጁ መሐዲ ከፈረሱ ሲወድቅ እግሩ እርካብ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረና ፈረሱ እየጎተተ ገደለው። ከዚያ ወዲህ ፈረሱ እርካብ ሲያቃጭል በሰማ ቁጥር አረፋ እየደፈቀ ይንቀጠቀጣል።

ሰው ሁሉ «ሽጠህ ተገላገለው» ቢለውም ቡሽታ አሻፈረኝ አለ። መርገጫው ሰፊ የሆነውን የብረት እርካብ በእጁ ይዞ በላዩ ገብስ እያደረገ ያበላው ጀመር።

«ምነው ጌታው ቡሽታ፣ ለሙሽራው ማንኪያ አጣህለት እንዴ?» ብሎ ጎረቤቱ ድሪስ አሾፈበት።

የክረምቱ ዝናብ ሳያባራ ፈረሱ ከእርካቡ ላይ መብላት ለመደ። ኮርቻ ተጭኖበት እርካቡ ጎኑን ሲነካውም ዝም አለ። ያን ዕለት ቡሽታ ሊወጣበት ግራ እግሩን አነሣ። እግሩ ግን እርካቡ ላይ ሲያርፍ ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ እርካቡ ተንቃጨለ፤ ፈረሱም በርግጎ ለኮውን በጠሰ።

ሚስቱ ራህማ ደጃፍ ላይ ቆማ ታይ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ የተንቀጠቀጥከው እኮ አንተ ነህ» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት።

በማግስቱም ሞከረ፤ ያው ሆነ። እያደር መሞከሩንም ተወው። ፈረሱ ሳይጋለብ ጋጣ ውስጥ አረጀ፤ ቡሽታም ዳግመኛ የማንንም ፈረስ ሳያሠለጥን ቀረ።