የጎደለው ዘጠነኛ እጥፍ

ማተሚያ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ስትጠርዝ አንዱንም አንብባ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ ድስት ሥር የዋለ ሰው ምን የምግብ ፍላጎት አለው? የሥራ ጓደኞቿ «እሺታ» ይሏታል፤ ለታዘዘችው ሁሉ መልሷ «እሺ» ነውና። ይህን ያስለመደቻት አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ናት። እትዬ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ነች፤ ሆስፒታሉን ለቃለች፣ ማዘዙን ግን አልለቀቀችም። እሺታ አርባ አንድ ዓመት ሞልቷት እንኳ የትኛውን ሹራብ እንደምትለብስ የምትወስነው እትዬ ነች። መስኮቱ ሥር መተኛት «ብርድ ይመታሻል» ተብሎ ክልክል ነው። ድሮ አንድ ደህና ሰው ሊያገባት ሽማግሌ ቢልክ፣ እትዬ ሽማግሌዎቹን ከደጅ መለሰቻቸው። እሺታ ለምን ብላ አልጠየቀችም። እሺ አለች።

አንድ ቀን የወንጀል ልብ ወለድ ለጥረዛ መጣ። ሥራው እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እየሆነ ይታጠፋል፣ እጥፎቹ በረጅም ጠረጴዛ ላይ በተራ ይከመራሉ፣ እሷ እየዞረች ከየክምሩ አንዳንድ ታነሳለች። ያን ቀን ዓይኗ የመጀመሪያው እጥፍ ላይ አረፈ። ታናሽ እህት ታላቋን ሻይ ውስጥ መርዝ ጨምራ ትገድላለች! ከዚያ በኋላ እግሯ ጠረጴዛውን ይዞራል እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም። አለቃዋን አስፈቅዳ አንድ ቅጂ ለራሷ ጠረዘችና ቤቷ ወሰደች።

በሦስት ቀን ጨረሰችው። ገዳይዋ ክፉ አይደለችም፤ ለድመት የምታዝን፣ ሠላሳ ዓመት እሺ ያለች፣ እሷንም ሊያገባ የመጣ ሰው ከደጅ የተመለሰባት ሴት ናት። ፖሊሶች ሲይዟት እሺታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሟቿን ግን «የእጇን ነው ያገኘችው!» አለቻት። ወዲያው በራሷ ደነገጠች፤ ድንጋጤው ግን ብዙም አልቆየባትም።

እሁድ ጠዋት ቁርስ ላይ ተናገረችው።

«እትዬ፣ በወሩ መጨረሻ እወጣለሁ። ቤት ተከራይቻለሁ።»

እትዬ መጀመሪያ ሳቀች። የእህቷን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠችው። «ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

እሺታ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለችላት። «ይኸው! አንብቢው!»

ሰኞ ጠዋት ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አለቃው ጮኸ። «አንድ ዘጠነኛ እጥፍ ተርፏል! የጎደለበት የትኛው መጽሐፍ ነው?» እሺታ ወዲያው ገባት። እያነበበች ስትዞር ዘለለችው፤ የጎደለበት የራሷ ቅጂ ነበር፤ ቤት ስታነበውም ከመጣደፏ የተነሳ ልብ አላለችውም። እጥፉን አንስታ እዚያው ቆማ አነበበችው። ሟቿ ራሷ የምትናገርበት ክፍል ነው። «ሰውዬውን የመለስኩት ለእሷ አስቤ አይደለም፤ ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው» ይላል። እጥፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከሥራ ስትመለስ እትዬ መነጽሯን አድርጋ መጽሐፉ ላይ አቀርቅራለች። አጠገቧ ያለው ሻይ አልተነካም።

«ከገጽ መቶ ሃያ ስምንት ወደ መቶ አርባ አምስት ይዘላል!» አለች ቀና ሳትል። «አንቺ ደግሞ ጠራዥ ነኝ ትያለሽ! ሟቿም አንድ ቃል ሳትናገር ትሞታለች። የትኛዋ ታላቅ እህት ናት እንዲህ ዝም የምትል?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች እሺታና እጥፉን ሰጠቻት።

እትዬ አነበበች። አንድ ቦታ ስትደርስ ቆመች፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አነበበች።

«ይህን ለደራሲው ማን ነገረው?» አለች። ድምጿ የማዘዣው ድምፅ አልነበረም።

እሺታ ተናደደች፤ ደግሞም አንጀቷን በላቻት። የቱ እንደሚበልጥ መለየት አቃታት።

«ቢሆንም እወጣለሁ፣ እትዬ።»

እትዬ እጥፉን መጽሐፉ ውስጥ ቦታው ላይ ከተተችው።

«እሺ» አለች። ከዚያ የቀዘቀዘውን ሻይ ወደ እህቷ ገፋ አደረገችው። «ግን መጀመሪያ ይህን ቅመሺልኝ።»