አሚን ያላለው ልብስ ሰፊ

ዘይኑ የሐጂ አብደላን በረንዳ ጥሎ ጨፋ ሮቢት የገባው እጥፍ ደሞዝ ተቆርጦለት ነው ይላሉ። ወሬው ከሚሴ ገበያ ላይ ሲነሳ እጥፍ ደሞዝ ብቻ ነበር፤ አውቶቡስ መቆሚያው ሲደርስ በቅሎ ተጨመረበት፤ ወፍጮ ቤቱን ሲያልፍ አርባ ላም ያላት ባሏ የሞተባት ሴት ተከተለችው።

እኔ አላመንኩም። ሮቢት ውስጥ ለልብስ ሰፊ በቅሎ የሚሸልም ነጋዴ ቢኖር ኖሮ፣ ይሄኔ ከሚሴ ቃዲው ሳይቀር መርፌ ይዞ በተቀመጠ ነበር።

ዘይኑ እዚያ በረንዳ ላይ ስምንት ዓመት ሰፍቷል። ሲፈጥን፣ ደንበኛው ተለክቶ ዞር ሳይል ሱሪው እግሩ ላይ ነው። በየዓመቱ ኢድ ሲያልፍ ደሞዝ እንዲጨመርለት ይጠይቃል። ሐጂም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሁለት እጃቸውን ይዘረጋሉ። "አላህ ሲሳይህን እንደ ቦርከና ያፍስስልህ፣ ልጆችህን..." ምርቃቱ እስከ ዙህር ሶላት ይዘልቃል። በረንዳው በሙሉ አሚን ይላል፤ ዘይኑም አሚን ይላል። አሚን ከተባለ በኋላ ደሞዝን መልሶ ማንሳት ምርቃቱን መናቅ ነው፤ ማን ይደፍራል? ሐጂ ግን ከልባቸው የጨመሩለት ይመስላቸዋል።

ዘንድሮ እጃቸውን ሲዘረጉ ዘይኑ ዝም አለ።

"አሚን በል እንጂ" አሉት።

"ሐጂ፣ የሰባቱ ዓመት አሚን ገና መንገድ ላይ ነው። ይሄኛውን እርስዎ ይያዙት።"

መቀሱን አንስቶ ወጣ።

ባለፈው ሮቢት ሄጄ አገኘሁት። ኡምኩልሱም የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ይሰፋል።

"አከም ጅርታ ዘይኑ፣ በቅሎዋ የታለች?"

"የምን በቅሎ?"

"ባለ አርባ ላሟስ?"

"እዚህ ያለችው ሴት ኡምኩልሱም ብቻ ናት። ባሏ ያው እዚያ ጫቱን ይዞ ተቀምጧል፤ ስለ ላሞቹ ጠይቀው።"

"ታዲያ ምን ፍለጋ መጣህ?"

መርፌውን ከጥርሱ መሀል አወጣ። "ትናንት ጨምሪልኝ አልኳት፤ አይሆንም አለችኝ። ለምን አይሆንም አልኳት። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ተጨቃጨቅን። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ቀን አምሮኝ ነበር።"

"ከሚሴ ግን እጥፍ ይከፈለዋል ይላል።"

"ከከሚሴው ያንሳል። የጠራኝም የለም፤ ለምኜ ነው የገባሁት።"