ሳይሞክሩ የማይጥሉት እትዬ የሻረግ

እትዬ የሻረግ ታደለ ዐርፈዋል። ወረታ ላይ ያስተማሯችሁ፣ አሁንም እዚሁ ፎገራ ያላችሁ፣ ባሕር ዳርና ከዚያም ወዲያ የተበተናችሁ ሁሉ፣ ወሬው ያልደረሳችሁ ካላችሁ ከእኔ ስሙት። ብዙ ካንገላታቸው የኩላሊት ሕመም በኋላ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ በገዛ ቤታቸው እኅታቸው እጃቸውን እንደያዟቸው ነፍሳቸው ወጣች። ሥርዓተ ቀብራቸውም በተወለዱበት በቁሐር ሚካኤል ተፈጽሟል። ነፍሳቸውን ይማርልን።

እኔ ዝናሽ ነኝ፤ ተማሪያቸው ነበርኩ። ዛሬ እሳቸው በጡረታ በለቀቁት በዚያው ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። እንደምታውቁኝ ችኩል ነኝ፤ ምላሴም አያርፍም። እሳቸው ደግሞ መቀስ እንኳ ሲያነሱ አስበው ነው። አብረን ኮምፒውተር ስንጠግን ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ያስሩና፣ እኔ አንዱን ቁልፍ ሳልጨርስ ሌላውን ስጫን እያዩ «አንች ልጅ፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?» ይሉኛል። ሰምቻለሁ፤ ግን ተይ ቢሉኝ ምን ላድርግ፣ ፍጥረቴ ነው።

ብዙዎቻችሁ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ታስታውሷቸዋላችሁ። እኔ ግን የምጽፍላችሁ ስለ መጨረሻው ዓመታቸው ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ሊሰጥ ነው ተባለ። እሰይ እንዳንል፣ የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች ከጥግ እስከ ጥግ ሞተው ነበር። ግማሾቹ አይነሡም፤ ሌሎቹ ተነሥተው እንደ ሽማግሌ እየተነፈሱ ይጠፋሉ። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ጠርተው «ዕድሜያቸው አልቋል፤ አዲሱ ፕሮግራም አይቀበላቸውም። ይወገዱና ክፍሉ መጋዘን ይሁን» አሉ። ኧረ ልጆቹስ? ከሜዳው ቀበሌዎች የሚመጡት ልጆቻችን ማውስ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ያወቁትን መልስ መጫን አቅቷቸው ሊወድቁ ነው። ስብሰባው ላይ ጮኽሁ፤ ማንም አልሰማኝም። ከዚያ በቀጥታ እትዬ ቤት ሄድኩ።

በማግስቱ ፍላሻቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ።

«እትዬ፣ አርጅተዋልኮ» አሏቸው ርዕሰ መምህሩ።

«እኔስ አርጅቼ የለም? እኔንም ጣሉኛ!» አሉና ሣቁ። ቀጥለውም፣ «አባቴ በሬ ሊገዛ ሲወጣ አብሬው እወርድ ነበር። ሳይጠምዱት ‹ያርሳል› አይባልም፤ ሳይጠምዱት ‹አያርስም› ማለትም ነውር ነው። እነዚህን ማን ጠምዶ አያቸው?» አሉ።

ርዕሰ መምህሩ አላመኑም። የክፍሉን ቁልፍ ግን ሰጧቸው፤ ለዚህስ ላመስግናቸው።

የእትዬ አሠራር ይህ ነበር። ሊኑክስ የሚባለውን ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ያሰናዱና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሡታል። ሆዱ ውስጥ ያለ ምንም ነገር አይነካም። ከተስማማው ይጫንበታል፤ ካልተስማማው ፍላሹ ይነቀላል፣ ኮምፒውተሩም እንደነበረው ይቀራል። ራሙ፣ ማለትም የማስታወሻ አቅሙ፣ ይበቃው እንደሆን ያያሉ፤ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱን፣ ኔትወርኩን አንድ በአንድ ይፈትናሉ። ከዚያ ሳያጠፉ አስተኝተው ይቀሰቅሱታል። «ተኝቶ የማይነሣ አለ፤ እሱን ዛሬ እንወቀው እንጂ ልጁ ፊት አይደለም» ይሉ ነበር። በመጨረሻ በአማርኛ ይጽፉበታል። ሁልጊዜ የሚጽፉት አጠገባቸው የቆመውን ሰው ስም ነው።

አንዳንዱ ስክሪን ገና ሲነሣ ይጨልም ነበር። እኔ «ይሄማ በቃው» ብዬ ልገፋው ስል፣ «ቆይ እስቲ፣ ይህ ሸክም ከብዶት እንደሆነስ?» ብለው ቀለል ያለ ሌላ ዓይነት ሊኑክስ ያመጡለታል። ሲበራ እልልታዬን አቀልጠዋለሁ፤ እሳቸው መነጽራቸውን ጠርገው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

እየተነፈሱ የሚጠፉትን ደግሞ ከፍተን አየናቸው። ወይ ጉድ! የክፍሉ መስኮት ከሩዝ መፈልፈያው ፊት ለፊት ነው። ዓመት በዓመት የገባው የገለፈት ብናኝ ማቀዝቀዣቸውን እንደ ጭቃ ደፍኖታል። ሁላችንም እርጅና ነው ብለን ደምድመን ነበር። እትዬ እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ። «ሩዝ አጉርሳችሁ አፍናችኋቸው ነው እንጂ መች አረጁ!» እሳቸው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ እኔ ብናኙን ስውጥ፣ በቀለም ብሩሽ ጠረግናቸው።

ሁሉም ዳኑ ብዬ አልዋሽም። እትዬ እምቢ ያለውን እምቢ አለ ይሉ ነበር፤ ሰውን በተስፋ አያንገላቱም። የቁሐር ሚካኤሉ ቄስ፣ አባ ሞገስ፣ ዘመድ የሰጣቸውን ላፕቶፕ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡላቸው፤ የደብሩን ታሪክ ሊጽፉበት። እትዬ ያላቸውን ሁሉ ሞከሩለት። ከዚያ «አባ፣ ይህስ አይሆንም፤ ላስጎመጅዎት አልፈልግም» አሏቸው። የአባ ፊት ሲጠቁር አይተው ግን፣ «በገበያ ቀን ወረታ ሲወጡ እኔ ቤት ጎራ ይበሉና በእኔው ይጻፉ» አሉ። አባም እስከ እትዬ ሕመም ድረስ እየመጡ ጻፉ።

ክፍሉ ተከፈተ፤ ልጆቹ ገቡ። አንዷ ማውሱን አንሥታ ስክሪኑ ላይ አስደግፋ ስትጫን ጓደኞቿ ሣቁባት። እትዬ አልሣቁም፤ እጇን ይዘው ወደ ጠረጴዛው መለሱት። «አንቺ እዚህ ሂጂ፣ ቀስቷ እዚያ ትከተልሻለች፤ አትፍሪያት» አሏት። ያቺ ልጅ በኋላ የሌሎቹ አስተማሪ ሆነች።

ከዚያ ሕመሙ ጠናባቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ራሳቸው አያወሩም፤ የትኛው ኮምፒውተር እንደዋለ፣ የትኛው እንዳስቸገረ ይጠይቁኛል። አንድ ቀን ግን አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ዝናሽ፣ እኔ ድንገት ብሞትና ቀብሬ ከልጆቹ መለማመጃ ቀን ጋር ቢገጥም፣ ክፍሉን እንዳትዘጊው።»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ሟርት ነው! አፍዎን በዳቦ!»

«ዳቦውን ተይውና ስሚኝ። ሰው ያማሻል፤ ይማሽ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁ። ማን እንዲህ ይገጥማል ብሎ ያስባል?

ገጠመ። መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ ልጆቹ መለማመድ ካቆሙ ቆይተው ነበር። በማግስቱ ፈተናው ወደሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ ሊጓዙ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት መብራት መጣ፤ ወዲያውም የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ። እትዬ የሻረግ ዐረፉ ተባለ፤ ቀብራቸው ከሰዓት በኋላ ነው።

በእኛ አገር ቀብር የቀረ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። የደም ባላጋራ እንኳ ለአንዲት ጭብጥ አፈር ይወጣል። እኔ ደግሞ ያሳደጉኝ ያህል ነኝ። ክፍሉን ከፍቼ ልጆቹን አስገባኋቸው። አስከሬኑ በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ ሁላቸውም ብድግ አሉ፤ እኔም ቆምኩ። ሲያልፍ «ተቀመጡ፤ ቀጥሉ» አልኳቸው። አንዱ «ቲቸር፣ አይሄዱም?» አለኝ። «አልሄድም» አልኩት። መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ከልጅ ወደ ልጅ ስዞር ዋልኩ።

«እሷን ነበር እንደ ልጅ ያቀፉ!» ተባለ። እስካሁን መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ፤ አልቀየምም፣ እኔም ብሆን አዞር ነበር። አባ ሞገስ እንኳ ደውለው «ልጄ፣ ምነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ። ይህን የምጽፈው ላስተባብል ብዬ አይደለም። ያ የእትዬ ቃል እንደነበር እንድታውቁ ነው።

እንግዲህ እትዬ፣ ልጆቹ ሄዱልዎ። ተፈትነውም ተመለሱ። ውጤቱን ገና አናውቅም፤ ማውሱን የፈራ ግን አልነበረም ብለውኛል። እኔ ያን ቀን ልጆቹ ፊት ነበርኩና አላለቀስኩልዎም። አፈርም አላለበስኩዎም። ሁሉም ተሰናብቶዎታል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። አሁን ክፍሉ ባዶ ነው፤ የሚጠብቀኝ ልጅ የለም። ነገ በጠዋት በጭቃው ቁሐር እወርዳለሁ፤ ብቻዬን መጥቼ እስኪወጣልኝ አለቅስልዎታለሁ። ይጠብቁኝ፣ እትዬ።