አምስተኛው ማሽን

ሴቻ ሰፈር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር የምቆጣጠር ሰው ነኝ። ሰርቨሩ አንድ ቢሆንም፣ ራሳቸውን እንደቻሉ ኮምፒውተሮች የሚሠሩ አራት ቨርቹዋል ማሽኖች አሉበት። የኔትወርክ ገመዳቸው ግን አንድ ነው፤ አንዱ ከተስገበገበ ሌሎቹ ጦማቸውን ያድራሉ።

ሰሞኑን ሠራተኛው ሁሉ ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ እያለ ሲነጫነጭብኝ ገመዱን ያጨናነቀውን ፈለግኩ። ማንም የማያውቀው አምስተኛ ማሽን አገኘሁ። ስከፍተው በካሜራ አንድ ሳሎን በቀጥታ ይታያል፤ አንዲት እናት ብቻቸውን ምሳ ይበላሉ። አወቅኳቸው። አምና የሞተው የሥራ ባልደረባዬ የመስፍን እናት፣ እማማ አበበች ናቸው። ካሜራውን የሰቀለውም ማሽኑን የደበቀውም እሱ መሆን አለበት፤ ምስሉ እስካሁን ቀን ከሌት ወደ ሰርቨራችን ይጎርፋል።

ሳልነግራቸው ማጥፋት ከበደኝ። በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ እሳቸው ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ወረድኩ። ሙዝ አቀረቡልኝ። አንዱን ልጬ በላሁና ወደ ግድግዳው እያየሁ፣ "እማማ፣ ይሄ ካሜራ…" አልኩ።

"እሱን እንዳትነካብኝ፣ ልጄ" አሉ በዝግታ። "መስፍን ምሳ መብላቴን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ያይ ነበር። ሲያየኝ የካሜራው መብራት ሰማያዊ ይሆናል። ከሞተ ወዲህ በርቶ አያውቅም።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ትናንት ግን ምሳ ስበላ በራ።"

አለቃዬ ኔትወርኩ ለምን እንደተንቀራፈፈ ዛሬም ይጠይቀኛል። ገመዱ አርጅቷል እለዋለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቢሮዬን ዘግቼ ማሽኑን እከፍታለሁ። እማማም ቀና ብለው ባዶ ሳህናቸውን ለልጃቸው ያሳያሉ።